ለትምህርት ቤት የተቆረጠ ፀጉር

ዮቪል፣ ጆሃንስበርግ
ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊና ኦሴይ
ኩማሲ፣ ጋና

ሊንዬ፣ የእናትሽ ዓይን፣

እንደምን አለሽ ብዬ ብጠይቅ መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ ግን ሳይጠይቁ ደብዳቤ አይጀመርም። እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? የዶርሙ አልጋ ላይኛው ነው የደረሰሽ ወይስ ታችኛው? አክስትሽ ሰርዋ ምግብ ጠልታለች ብላ ነገረችኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። የዮቪልን የሰኔ ብርድ ታውቂዋለሽ፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቁጭ ነው የሚለው። ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ግን ብርድን አይራገምም። በሽታው እንደገና ተነሥቷል፣ ሦስተኛው ዙር ነው ይላሉ፤ ማስኬን ከአፍንጫዬ አላወርድም፣ በዚህ አትስጊ።

ስልክ በትምህርት ቤታችሁ ክልክል ነው ሲሉኝ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ደግ አድርገዋል። በስልክ ያበላሸሁትን በስልክ አላቃናውም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ይኼን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ከአባትሽ ፀጉር ቤት አጠገብ ጫማ የሚጠግነው ጋናዊ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይበራል። ለሰርዋ ይሰጣታል፣ ሰርዋ ደግሞ ለዶርማችሁ ኃላፊ መምህርት። መምህርቷ የተማሪን ደብዳቤ ከፍተው ያነባሉ አሉ። ያንብቡ! የእኛን ፊደል ከቻሉት እሳቸውም አብረውን ያልቅሱ።

አንቺ ግን ታነቢዋለሽ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ አባትሽ ሥራ ሲቀዘቅዝበት፣ በፀጉር ቤቱ መስተዋት ላይ በሳሙና እየጻፍኩ ነበር። ደንበኛ ሲገባ «አለሜ፣ ሀሁሽን አጥፊልኝ፣ ሰውየው ፊቱን ይይበት» ይለኝ ነበር። ትዝ ይልሻል?

ሰርዋ ትናንት የነገረችኝን ልንገርሽ። ትምህርት ቤቱን ልትለቂ ነው አሉ። «ለዚህ ትምህርት ቤት ሲባል ነው የአባቴን ሞት የደበቃችሁኝ፤ አልፈልገውም» ብለሻታል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሳንዱቅሽን ይዘሽ ልትወጪ ወስነሻል። ለእኔ የላክሽው ቃል ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «በዳዲ ስልክ ይመጡልኝ የነበሩት አውራ ጣቶች የማን ነበሩ?»

እመልስልሻለሁ። ጥቂት ብቻ ታገሺኝና ከሥሩ ልጀምር።

ስለ ትምህርት ቤት የአባትሽን ወሬ መስማት የጀመርኩት ገና ሳንጋባ ነው። ሁለት ሐበሾች ሰው አገር ሲገናኙ «የየት አገር ልጅ ነህ?» ነው የሚባባሉት። ጋናውያኑ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሲገናኙ ግን «የየት ትምህርት ቤት ነህ?» ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ግንባሩ እስከ መሐል አናቱ የሸሸ ሰውዬ በልጅነቱ የተማረበትን ትምህርት ቤት መዝሙር ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ተነሥቶ ይዘምራል። የኩማሲ ልጆች ደግሞ ይብሳሉ። የወንዶቹ ትልቁ፣ የሴቶቹ ትልቁ፣ የሚስዮኑ፣ ከኮረብታው በላይ ያለው፤ ስማቸውን እንደ ታቦት በተራ ይጠራሉ። እኔ የሀብታም ትምህርት ቤት መስሎኝ ነበር። አባትሽ «የመንግሥት ናቸው» ሲለኝ ሳቅሁበት። በእኛ ዘንድ ሰው እጁ ላይ ትንሽ ነገር ሲያገኝ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያወጣል። እነሱ ልጆቻቸውን በግል ትምህርት ቤት አሳድገው አሳድገው፣ መጨረሻ ላይ መንግሥት በር ላይ ይጋፋሉ። «አይገባሽም አለሜ» ይለኝ ነበር።

ታዲያ አንዱ ደንበኛ ዞር ብሎ «አንተስ ኦሴይ፣ የየት ነህ?» ያለው እንደሆነ፣ አባትሽ ቶንዶሱን ጆሮው ሥር አስጠግቶ ያስጮኽበታል። ሰውየው ጥያቄውን ይረሳዋል። ብዙ ጊዜ አይቼ ጆሮው ይደክማል እንዴ እያልኩ አስብ ነበር። ኋላ ነው ያጫወተኝ። ፈተናውን በደንብ አልፎ ለወንዶቹ ትልቁ ትምህርት ቤት ተመርጦ ነበር። አዳሪ ለመግባት ግን ፍራሽና ሳንዱቅ ይዞ መምጣት ነበረበት፤ አያትሽ ደግሞ ያን ዓመት የኮኮዋ እርሻቸውን ሰደድ እሳት በልቶባቸው ባዶ እጃቸውን ነበሩ። እዚያው መንደሩ ያለው ትምህርት ቤት ገባ። ደህና ትምህርት ቤት ነበር፣ ደህና አስተማሩኝ ይላል። ግን የትልቁ ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ሲያልፉ ዛፍ ጀርባ ገብቶ ይቆም እንደነበር ነገረኝ። ይኼን ሲነግረኝ አርባ ዓመት አልፎታል፣ አንቺን ታቅፎ ነበር፣ ዓይኑን ግን ከወለሉ አላነሣም።

አንቺ የተወለድሽ ቀን ስምሽን ሳንመርጥ ትምህርት ቤትሽን መረጠ። በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ወደ አክስትሽ የላክንሽም ለዚሁ ነው። እኔ እሺ አላልኩም ነበር፣ ጩኸቴን አንቺም ሰምተሽዋል። ያኔ ግን እዚህ የውጭ ሰው ሱቅ በየጊዜው ይሰበር ነበርና አንቺን ከዚህ ማራቁ መልካም መሰለኝ። ኤርፖርት ሹሩባሽን ስሠራልሽ በጣም አጠበቅሽው ብለሽ ተቆጣሽኝ።

አሁን ወደዚያ ወደማልወደው ቦታ ልምጣ።

ጥር ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ አባትሽን ሳል ያዘው። ሆስፒታሉ በር ላይ ነው የተለያየነው፤ ከበሽተኛው በቀር ማንም አይገባም አሉ። ከውስጥ በስልክ አነጋገረኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። የጠየቀኝ ስለ ራሱ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። «ምደባው ወጣ?» ነው ያለኝ። ገና ነው አልኩት። «ትምህርት ቤት እስክትገባ እንዳታስደነግጫት» አለኝ። ያን ሲል ሕመሙን ማለቱ ነበር፤ እሱማ ድኖ ሊወጣ ነበር። እኔ ግን ቃሉን ለሞቱ አደረግሁት። በማግስቱ ደውለው ነገሩኝ።

ጥቂት ሰዎች ሆነን፣ ተራርቀን ቆመን ቀበርነው። ያወረዱት ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ፊቱን አላሳዩኝም። ስንመለስ ኤርጎጌ፣ ያቺ በልጅነትሽ አዝላሽ የምትዞረው የሆሳዕናዋ ጎረቤታችን፣ በር ላይ ያዘችኝ። «ለልጅቷ ዛሬ ንገሪ» አለችኝ። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አያድርም። ጌታ ያጽናናታል። አንቺ ሥራሽ መንገር ነው።» እኔ አልሰማኋትም። የደሴ ልጅ ነኝ፣ በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ አንኳኩቶ፣ የምትወድቀውን የሚይዝ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። አንቺን ማን ይይዝሻል? ደግሞም ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። የቀበርኩት እኔ ነኝ ብዬ ሰርዋንም አፏን አስያዝኳት። እሷ አልወደደችውም። «የወንድሜ ልጅ ነች፤ ኋላ ስትጠይቅ የምትመልሺላት አንቺ ነሽ» አለችኝ። በዚያ ሰሞን እዚያም ለቀብር መሰብሰብ በመንግሥት ታግዶ ስለነበር ነው እንጂ፣ ጥቁርና ቀይ የለበሰ ዘመድ ግቢውን ሞልቶት ሳይነግሩሽ ታውቂው ነበር።

እንደዚህ ነው የደበቅሁሽ። ባሏ የሞተባት የአገሬ ሴት ፀጉሯን ትላጫለች፤ እኔ አልተላጨሁም፣ በቪዲዮ ታይኛለሽ ብዬ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሹሩባዬን እያዩ ዞር ብለው ይንሾካሾኩ ነበር። ቀኑን ጥቁር ለብሼ እውልና አንቺ ስትደውዪ ያን ቢጫ ሹራብ እደርብበታለሁ። «ዳዲስ?» ስትዪኝ፣ ጉሮሮው ተጎድቶ ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል አልኩሽ። አንቺም አመንሽኝ። ድምፅሽን እየቀዳሽ በስልኩ ትልኪለት ጀመር። ምደባው የወጣ ቀን «ዳዲ! ፈርስት ቾይስ! ገባሁ፣ ገባሁ!» እያልሽ የጮኽሽውን የሰማሁት እኔ ነኝ። የተዘጋው ፀጉር ቤት ውስጥ፣ እሱ ደንበኞቹን በሚያስቀምጥበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ምንም ካልመለሰ ትጠረጥሪያለሽ አልኩና በእሱ ስልክ ያቺን አውራ ጣት ያቆመች ምልክት ላክሁልሽ።

አውራ ጣቶቹ የእኔ ነበሩ ሊና። ሁሉም የእኔ ነበሩ።

ከዚያ ለአዳሪ የሚያስፈልገውን ትነግሪኝ ጀመር። ሳንዱቅ፣ የስንቅ ሣጥን፣ ባልዲ፣ ገጀራ። «ገጀራ ምን ያደርግልሻል? ልትማሪ ነው ልትዘምቺ?» ብልሽ «ማማ፣ የግቢውን ሳር የምንቆርጠው እኛ ነን» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሳቅሽ ደስ ይለኝ ነበር። ትግባና አንድ ሁለት ቀን ትልመድ፣ ከዚያ ሰርዋ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሴቶች ሰብስባ በወጉ ታርዳታለች እያልኩ ነበር። መጀመሪያ ምደባው ይውጣ፣ ምደባው ሲወጣ መግቢያው ይድረስ፣ መግቢያው ሲደርስ ትልመድ። ደባቂ ሰው ምክንያት አያጣም።

ያ እሑድ መጣ። ከቅዳሴ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ፎቶሽ ገባ። አንድም ቃል አልጻፍሽበትም። ፀጉርሽ የለም። ጆሮሽና ዓይንሽ ብቻ ነው የቀረው። አትስቂም፣ ፊት ለፊት ታያለሽ። ለትምህርት ቤቱ ምዝገባ የተነሣሽው ጉርድ ፎቶ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ላይ ደግሞ ማን ይስቃል? እኔ ግን ያየሁት የተላጨች ኀዘንተኛ ነው። «ሰምታለች» አልኩ። ለሰርዋ ደወልኩ፣ አታነሣም። ደገምኩ፣ አታነሣም። ለካ እሷም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። እኔ ግን ለቅሶ ላይ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

አፈርኩ ሊና። ልጄ በሰው አገር ተላጭታ እኔ ሹሩባዬን ይዤ ልቀመጥ? የአባትሽን ቶንዶስ ከመሳቢያው አወጣሁ። ኤርጎጌ «ቆዪ እንጂ፣ መጀመሪያ ከሰርዋ ስሚ» እያለች እጄን ይዛኝ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ከፊት ጀመርኩት። የኋላዬን እሷ እያለቀሰች ጨረሰችልኝ። ጥቁሬን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ አብሬሽ ላልቅስ ብዬ በቪዲዮ ደወልኩልሽ።

እየሳቅሽ አነሣሽው። «ማማ! ኦ ማይ ጋድ! አንቺም ተቆረጥሽ? ለእኔ ብለሽ ነው? ዳዲ ነው የቆረጠሽ?»

አንቺ ቀጠልሽ። «ንገሪው እሺ፣ እሱን ጠብቄ ጠብቄ ቀኑ ደረሰብኝ። የሰፈሩ ሰው ነው የቆረጠኝ። እንዳይቀየመኝ በይው።»

ያኔ አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። አዎ፣ ለአንቺ ብዬ ነው ብልሽ ኖሮ ቢያንስ ሰርዋ እስክትመጣ፣ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ እስኪቆም እቆይ ነበር። አፌ ቀደመኝ። «ልጄ፣ አልሰማሽም እንዴ?» አልኩሽ። መርዶሽ ይኸው ነበር። ሳቅሽ ከፊትሽ ሳይጠፋ ነጠላዬን አየሽው። ስልኩ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሚታየኝ ጣሪያው ላይ የሚዞረው ቬንቲሌተር ብቻ ሆነ። ድምፅሽን ግን እሰማው ነበር። ራሱ እስኪቋረጥ አልዘጋሁትም።

የደበቅሁሽ በወግ ልናገር ብዬ ነበር፤ መጨረሻው ከወግ ሁሉ የወጣ ሆነ። ብቻሽን፣ በስልክ፣ እየሳቅሽ ተረዳሽ። ይኼ ይቆጨኛል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለሞተ አባትሽ ስታወሪ ማዳመጤ ነው። ልታለቅሺለት የሚገባሽን ጊዜ ደስታሽን ስትነግሪው አሳለፍሽው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ይቅር በይኝ ስልሽ እንደ ደብዳቤ ማሳመሪያ እንዳታይብኝ፤ ለዚህ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

ሰርዋ በኋላ የነገረችኝን አንቺ ከመጀመሪያው ታውቂው ነበር፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት። እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሴት ልጅን የሚቀበሏት በአጭር ፀጉር ነው። የግል ትምህርት ቤት ስለነበርሽ ሹሩባሽ አልተነካም። አባትሽ ፀጉርሽን እንዴት እንደምሳሳለት ያውቃል፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ስትገቢ ራሴ መጥቼ እቆርጥሻለሁ። ከዚያ ፎቶውን ዝም ብለን እንልክላታለን፣ ስትጮህ እንስቃለን» ብሎሽ ነበር አሉ። ፎቶው ላይ ምንም ያልጻፍሽው ለዚህ ነው ለካ። ጩኸቴን እየጠበቅሽ ነበር። ይኼን ስሰማ ከለቅሶዬ መሐል ሳቄ አመለጠኝ፣ አባትሽን በስሙ ጠርቼ ሰደብኩት። እናንተ አንድ ነገር ደበቃችሁኝ፣ እኔ ሌላ ደበቅሁሽ፤ የእናንተው ግን ለሳቅ ነበር።

ስለ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚሰማኝን ልናገር። ድሮ ቢሆን «እዚያው ተቀመጪ» ብዬ እቆጣሽ ነበር። ዛሬ ማዘዝ አያምርብኝም። መውጣት ከፈለግሽ ሰርዋ በሩ ላይ ትጠብቅሻለች፣ አንድ ክፉ ቃል እንዳትናገርሽ አስምያታለሁ። አልጋሽ እዚህ እንደተነጠፈ ነው። በእኔ ተናድደሽ ከሆነ ግን አትውጪ። ትምህርት ቤቱ ምን አደረገሽ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ ተናደጂ፣ እችለዋለሁ። አባትሽ ዛፍ ጀርባ ቆሞ የሚያየውን ዓይነት በር አንቺ ሳንዱቅሽን አስይዘሽ ገብተሽበታል። የእኔ ጥፋት ከዚያ በር መልሶ እንዳያስወጣሽ ነው የምለምንሽ።

ፀጉር ቤቱን ለአባትሽ አገር ሰው አከራይቼዋለሁ። ክርክሩ አልቆመም፤ ሳልፍ «የየት ትምህርት ቤት ነህ?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ደንበኛው ብርድ ልብስ ሊገዙ ሱቄ መጡ። «የኦሴይ ልጅ የት ገባች?» አሉኝ። ስሙን ነገርኳቸው። ከተቀመጡበት ተነሡና ኮፍያቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ኦሴይም የዚያ ትምህርት ቤት ሰው ነው» አሉ። ያን ሁሉ ዓመት በቶንዶስ ጩኸት የሸፈነውን ጥያቄ አንቺ መለስሽለት። እሱ አልሰማም። እኔ ሰምቼልሃለሁ አልኩት፣ በልቤ።

የአባትሽ ስልክ እኔ ጋ ነው፣ አጥፍቼዋለሁ። ድምፅሽ ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ስንገናኝ እሰጥሻለሁ፣ የራስሽ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አሁን ደግሞ በሌላ በኩል መጡብኝ። «አለምወርቅ፣ በቃሽ፣ ፀጉርሽን አሳድጊው። ኀዘን ሲበዛ እግዜርን ማስቀየም ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሲላጩለት የሚቆዩበት ጊዜ አልፏል። እኔ ግን ትንሽ ብቅ ሲል የአባትሽን ቶንዶስ አወጣለሁ፣ የኋላዬን ኤርጎጌ ትጨርስልኛለች። ትምህርት ቤታችሁ ሴቶቹን እስከ መጨረሻው ክፍል በአጭር ፀጉር ነው የሚያቆየው አሉ። እንግዲያው እኔም እስከዚያው ነኝ። ከወጣሽም በወጣሽ ቀን አብረን ማሳደግ እንጀምራለን። ጉርድ ፎቶ ተነሥቼ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሻለሁ፤ እንደ አንቺ ፊት ለፊት እያየሁ፣ ሳልስቅ።

የአባትሽን ነፍስ የያዘ አምላክ አንቺን ከክፉ ይያዝልኝ። እህል ይስማማሽ፣ የተማርሽው ይግባሽ፣ በሌሊት ስታለቅሺ አጠገብሽ ያለችው ልጅ ደግ ትሁንልሽ። እመቤቴ ማርያም እኔ ሳልይዝሽ የወደቅሽውን ታንሣልኝ።

ያን እሑድ «ለእኔ ብለሽ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያን ቀን አልነበረም። አሁን ግን አዎ፣ ልጄ፤ ለአንቺ ብዬ ነው።

እናትሽ
አለምወርቅ